“አንዱ” ይበልጣል ወይስ “ሁለቱ”? የጌም ቤቶቻችን የማያልቅ ክርክር

በወልዲያም ሆነ በመርሳ ጌም ቤት ጎራ ብሎ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ክርክር እንደማይጠፋ ያውቃል። የሚበዛው የኳስ ነው። ማንቼና አርሴናል ሜዳ ላይ የጀመሩትን ልጆቹ ጆይስቲክ ይዘው ይጨርሱታል። ከኳሱ ጎን ለጎን ግን ብዙ ዓመት ያስቆጠረና ያልተፈታ ሌላ ክርክር አለ። “ጎድ ኦፍ ዋር አንዱ ይበልጣል ወይስ ሁለቱ?” የሚል ነው። አንዱ ተነስቶ “ሁለቱ እኮ ገና ከመጀመሩ ተራራ የሚያክል ሐውልት ነው የሚገጥምህ!” ይላል። ሌላው “አንዱን ሳትጨርስ ስለ ሁለቱ አታውራ” ብሎ ይመልስለታል። ድምፅ ከፍ ይላል፣ የቤቱ ባለቤት ይቆጣል፣ ክርክሩም ለነገ ይተላለፋል።

ክርክሩ የተጀመረው ፕሌይስቴሽን 2 በነገሠበት ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሌይስቴሽን 3ም 4ም መጥተዋል፤ በስልኩ የሚጫወተውም በዝቷል። ጥያቄው ግን አልሞተም። የጌሙ ስም ይቀየራል እንጂ “ተከታዩ ከቀዳሚው ይሻላል ወይ?” የሚለው ያው ነው። እኔም ወልዲያ ላይ ይህን ክርክር ስሰማ ኖሬያለሁና ዛሬ በዚህ ጉዳይ የምለው አለኝ። ማን እንደሚበልጥ ከመናገሬ በፊት ግን እንዴት እንደሚመዘን ልናገር። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ተከራካሪዎቹ በተለያየ ሚዛን እየመዘኑ መሆኑን ስለማያውቁ ነው።

“የልጆች ጨዋታ ምን ሚዛን ያስፈልገዋል?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። በውጭው ዓለም ጌም የሚተች ጋዜጠኛ ማሽኑ ቤቱ አለ፤ ዲስኩን ተረክቦ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። እኛ ዘንድ ልጁ የሚጫወተው በሰዓት ወይም በጨዋታ እየከፈለ ነው። የሚከፍለውም ከምሳ ወይም ከታክሲ የቆጠባትን ነው። አንድ የአክሽን ጌም ለመጨረስ አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እናም መጥፎ ተከታይ ጌም የመረጠ ልጅ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ኪሱንም ነው የሚያጣው። ባለቤቱም የራሱ ሂሳብ አለው። ኳስ ሁለት ልጆች ይጫወቱታል፤ የተሸነፈው ይነሳል፣ ሌላው ይተካል፣ ገንዘቡ ይሽከረከራል። ጎድ ኦፍ ዋር የያዘው ልጅ ግን ብቻውን ማሽኑን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ “ይህ ጌም ይሻላል” የሚለው ቃል እዚህ አገር ገንዘብ አለበት።

የሲሪንቃ ሚዛን

ከወልዲያ ወደ መርሳ ስትወርዱ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልን ታገኛላችሁ። የእህል ዝርያ የሚፈተንበት መንገድ ለእኛ ክርክር ትልቅ ትምህርት አለው። አዲስ የማሽላ ዝርያ ብቻውን ተዘርቶ “ጥሩ ነው” አይባልም። ነባሩ ዝርያ አጠገቡ ይዘራል። አፈሩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ አያያዙ አንድ ይሆናል። ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚታየው ያኔ ነው።

ገበሬው ደግሞ ሌላ ሚዛን ይጨምራል። ተመራማሪው ኩንታል ሲቆጥር ገበሬው አገዳውን ያያል። አገዳ ለከብቱ መኖ ነው፣ ለምጣዱ ማገዶ ነው፣ ለአጥሩም ይሆናል። ፍሬው በዝቶ አገዳው ያጠረ ማሽላ ለገበሬው አንድ እጁ ሰጥቶ አንድ እጁ እንደሚነሳ ሰው ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ ተከታዩን ከቀዳሚው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማየት። ሁለተኛ፣ የተጨመረውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም መቁጠር። ጌም ቤት ውስጥ ሁለቱም አይደረጉም። አንዱ ጎድ ኦፍ ዋርን ከአራት ዓመት በፊት ነው የተጫወተው፤ ሁለተኛውን ትናንት። አንዱ ያወራው ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ትዝታው ነው። ሌላው ከሁለተኛው ጀምሮ ወደ መጀመሪያው የተመለሰ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመጀመሪያው “ባዶ ነው” ይለዋል። ከጎረሱት በኋላ የሚቀምሱት ሁሉ እንደሚመስል ማለት ነው።

መብዛትና መሻሻል አንድ አይደሉም

የመጀመሪያው ወጥመድ ብዛት ነው። ተከታይ ጌም ሲወጣ ማስታወቂያው የሚጮኸው በቁጥር ነው፤ ብዙ መሣሪያ፣ ብዙ ጠላት፣ ሰፊ ካርታ። የመርሳን ብርቱካን የሚገዛ ሰው ግን ትልቁ ሁሉ ጭማቂ እንደሌለው ያውቃል። አንዳንዱ ልጣጩ ነው የወፈረው።

ለዚህ ዋናው ምስክር ዴቪል ሜይ ክራይ ነው። የጃፓኑ ካፕኮም የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2001 አወጣ፤ ዳይሬክተሩ ሂዴኪ ካሚያ ነበር። ጌሙ ጠባብ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚካሄድ፣ ጠላቱ የሚያስፈራ፣ እያንዳንዱ ውጊያ ልብ የሚያንጠለጥል ነበር። ሁለተኛው በ2003 ሲወጣ ካሚያ አልነበረበትም። ቦታው ሰፋ። ዲስኩም ሁለት ሆነ፤ አንዱ ለዳንቴ፣ ሌላው ለሉሲያ። ጠላቱ ግን ደነዘዘ። ዳንቴ ከሩቅ ቆሞ ሽጉጡን ብቻ እየተኮሰ ብዙውን ጠላት ይጨርሰዋል። ሰይፉ ሥራ ፈታ። ሁለት ዲስክ የሆነው ጌም ከአንዱ ዲስክ አነሰ። ካፕኮም ይህን አይቶ በ2005 ሦስተኛውን ሲያወጣ ፈተናውን ወደ ቦታው መለሰው፤ ስሙም ታደሰ።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ ጂ.ቲ.ኤ.ን ያስታውስ። በ2002 በወጣው ቫይስ ሲቲ ቶሚ ውኃ ውስጥ ከወደቀ አለቀለት፤ ዋና አይችልም። በ2004 በመጣው ሳን አንድሪያስ ሲጄ ይዋኛል። “ዋና ተጨመረ” ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ አስተውሉ። በቫይስ ሲቲ ውኃ ግድግዳ ነበር፤ በሳን አንድሪያስ መንገድ ሆነ። ፖሊስ ሲያሳድድህ ከድልድይ ዘለህ ማምለጥ ትችላለህ። አንድ ጭማሪ ሙሉ ካርታውን የምታይበትን ዓይን ቀየረው። ሦስቱ ከተሞች መብዛት ናቸው፤ ዋናው ግን መሻሻል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ የተጨመረው ነገር እጃችሁ የሚሠራውን ለወጠ? ወይስ ያንኑ ሥራ ደጋገመው?

ጎድ ኦፍ ዋር ሲመዘን

አሁን ወደ ራሱ ወደ ክርክሩ እንግባ። የመጀመሪያው ጎድ ኦፍ ዋር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2005 በሶኒው ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ ተሠርቶ ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ጃፌ ነበር። ሁለተኛው በመጋቢት 2007 ወጣ፤ የመራውም ኮሪ ባርሎግ፣ በመጀመሪያው ላይ የአኒሜሽኑ ክፍል ዋና የነበረ ሰው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። ፕሌይስቴሽን 3 ገበያ ላይ የዋለው በኅዳር 2006 ነው። ሁለተኛው ጌም ግን ከዚያ በኋላ፣ ለአሮጌው ማሽን ነው የተሠራው። ይህ ለእኛ ልጆች ትልቅ ውለታ ነበር፤ አዲስ ማሽን ሳይገዛ አዲስ ጌም መጣ።

በእጅ ሥራ እንጀምር። የመጀመሪያው ላይ ክሬቶስ ሰንሰለት የታሰረባቸው ሁለት ሰይፎች አሉት፤ ጨዋታው በአብዛኛው በእነሱ ያልቃል። ትልልቅ አለቆቹ፣ ልጆቹ “ቦስ” የሚሏቸው፣ ሦስት ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ባሕር ላይ ሃይድራ፣ መካከል ላይ የፓንዶራ ቤተ መቅደስ ጠባቂ፣ መጨረሻ ላይ ኤሬስ። ሁለተኛው ላይ የቦሱ ቁጥር ብዙ እጥፍ ሆኗል። ጌሙ የሚከፈተው ሕይወት ዘርቶ በተነሳው የሮድስ ሐውልት ነው፤ የሚዘጋው በዜውስ ነው፤ መካከሉ ላይ ፐርሲየስና ቴሲየስ፣ ክራከንና የዕጣ ፈንታ እህትማማቾች አሉ።

ይህ ግን ብዛት ነው፤ አሁን ባስቀመጥነው ሚዛን ብቻውን አያስፈርድም። እኔ የምፈርደው በሌላው ነው። ሁለተኛው ላይ ክሬቶስ ወርቃማውን ፀጉር፣ ጎልደን ፍሊስን፣ ያገኛል። ጠላት የወረወረውን ነገር በትክክለኛዋ ቅጽበት ከመከትክ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። ቀድመህ ከነካህ አይሆንም፣ ከዘገየህም አይሆንም። በመጀመሪያው ላይ ከሩቅ የሚወረወር ነገር የምትሸሸው ነበር፤ በሁለተኛው የምትጠብቀው ሆነ። ልክ እንደ ሲጄ ዋና ነው። የኢካሩስ ክንፍም አለ፤ ስትዘል አየር ላይ ተንሳፈህ ሩቅ ታርፋለህ፤ ገደል የነበረው መሻገሪያ ይሆናል። ጊዜን የሚያዘገየው ክታብ ደግሞ እንቆቅልሾቹን ሌላ መልክ ሰጣቸው። ቁጣውም ተሻሽሏል። በመጀመሪያው የቁጣ ኃይል አንዴ ከተለቀቀ እስኪያልቅ ይነዳል፤ በሁለተኛው ሲበቃህ ታጠፋዋለህ፣ የቀረውን ለሌላ ጊዜ ትቆጥባለህ። በሰዓት ለሚከፍል ልጅ መቆጠብ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

የሞት ዋጋ

ፈተናውንም እንየው። የመጀመሪያውን የተጫወተ ሁሉ ሲኦሉን አይረሳውም። መጨረሻው አካባቢ ክሬቶስ ከሲኦል ለመውጣት ቢላ የተተከለባቸውን፣ የሚሽከረከሩ ዓምዶች መውጣት አለበት። አንድ ቢላ ከነካህ ትወርዳለህ፤ እንደገና ከታች ነው። እዚያ ጠላት የለም፣ ጥበብ የለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው። ማሽኑ ቤቱ ላለው ልጅ ይህ ብስጭት ነው። ለእኛ ልጅ ደግሞ ሂሳብ ነው። እያንዳንዱ መውደቅ ደቂቃ ነው፣ ደቂቃው ሳንቲም ነው። በዚህ ላይ ሜሞሪ ካርድ ሞልቶ ወይም መብራት ጠፍቶ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይሄዳል። ብዙ ልጅ አንዱን ጎድ ኦፍ ዋር ሳይጨርስ የቀረው ኤሬስ በልጦት አይደለም፤ ዓምዱ ላይ ኪሱ አልቆበት ነው።

ሁለተኛው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የሚያስቸግረው በአብዛኛው በጠላት ነው። ብትሞት የምትማረው ነገር አለ፤ ፍሊሱን ቀድመህ ነክተሃል፣ ወይም ዘግይተሃል። ጥሩ ፈተና ማለት ይህ ነው፤ ስትወድቅ ለምን እንደወደቅህ የሚነግርህ። በዚህም ሚዛን ሁለቱ ይበልጣል።

አገዳው የት ሄደ?

እስካሁን ያልኩትን የሰማ የ“ሁለቱ” ደጋፊ ማጨብጨብ ይጀምር ይሆናል። ይቆይ። የጎደለውን ገና አልቆጠርንም።

የመጀመሪያው ታሪክ ሙሉ ነው። ክሬቶስ የስፓርታ የጦር አለቃ ነበር፤ ሊሸነፍ ሲል ለኤሬስ ነፍሱን ሰጠ፤ ኤሬስም አታልሎ የገዛ ሚስቱንና ልጁን እንዲገድል አደረገው። አመዳቸው ቆዳው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ጌሙ በሙሉ ይህ ሰው ከቅዠቱ ለመገላገል የሚያደርገው ጉዞ ነው። ኤሬስን ይገድላል፤ አማልክቱ ኃጢአቱን ይቅር ይሉታል፤ ቅዠቱን ግን አይወስዱለትም። መጨረሻው መጀመሪያውን ይመልሳል። ሌላ ጌም ባይከተለው እንኳ ምንም አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ሌላ ነው። ዜውስ ክሬቶስን ይከዳዋል፤ እሱም ጊዜን ወደ ኋላ ለመመለስ ይነሳል። ሐዘን የነበረው ሰው ቁጣ ብቻ ሆኗል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ታይታኖቹ የኦሊምፐስን ተራራ መውጣት ሲጀምሩ፣ ልብህ ሲሰቀል፣ ጌሙ ያልቃል። ቀጣዩን ለማየት ሦስተኛውን መጠበቅ ነው። ሦስተኛው በመጋቢት 2010 ወጣ፤ የወጣው ግን ለፕሌይስቴሽን 3 ነው። ፕሌይስቴሽን 2 ብቻ ባለው ቤት የተጫወተ ልጅ ለዚያ ሁሉ ሰዓት ከፍሎ መጨረሻውን አላየም። ታሪኩ ያለቀው ሌላ ማሽን ላይ ነው። ይህ የእኛ አገር ኪሳራ ነው፤ የውጭ ተቺዎች ሚዛን ላይ ብዙም አይታይም።

እንዲህ ዓይነት ማጣት በሌላም ደርሷል። ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ በ2003 ሲመለስ ልዑሉ እንደ ተረት ነጋሪ የሚያወራ፣ የሚያፍር፣ የሚቀልድ ልጅ ነበር። ውጊያው ግን አሰልቺ ነው ተባለ። ዩቢሶፍት በ2004 ዋሪየር ዊዚንን ሲያመጣ ውጊያውን በእርግጥ አሻሻለ፤ ሁለት መሣሪያ በሁለት እጅ ሰጠው። ልዑሉ ግን ኮስታራና ተሳዳቢ ሆነ፣ ሙዚቃው ጩኸት ሆነ። የፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ የመጀመሪያ ፈጣሪ ጆርዳን ሜክነር ራሱ ያንን መልክ እንዳልወደደው በይፋ ተናግሯል። ፍሬው በዛ፣ አገዳው ሄደ።

ነጥብ ይዳኘናል?

“ኢንተርኔት ላይ ያለውን ነጥብ እናምጣና ይፍረድ” የሚል አለ። እናምጣ። የተቺዎችን ነጥብ የሚሰበስበው ሜታክሪቲክ ለመጀመሪያው ጎድ ኦፍ ዋር 94፣ ለሁለተኛው 93 ይሰጣል። በዚህች አንድ ነጥብ ማን ማንን ይረታል? ደግሞ የመጀመሪያው የተመዘነው በ2005 ከነበሩት ጋር ነው፤ ሁለተኛው የተመዘነው የመጀመሪያውን ካየ ዓይን ጋር። አዲስ መሆን ራሱ ነጥብ አለው፤ ተከታይ ጌም ደግሞ ያንን ነጥብ አያገኝም።

በቅርቡም ያው ሆኗል። በ2018 የወጣው አዲሱ ጎድ ኦፍ ዋር፣ ክሬቶስ ጢም አብቅሎ ልጁን ይዞ የመጣበት፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸለመ። በ2022 የወጣው ተከታዩ ራግናሮክ ያንን ሽልማት በኤልደን ሪንግ ተነጠቀ። ሁለቱ ሜታክሪቲክ ላይ እኩል 94 ናቸው። ታዲያ ሽልማቱ የሚነግረን በዚያ ዓመት ከማን ጋር እንደተፎካከሩ እንጂ ከሁለቱ ማን እንደሚበልጥ አይደለም።

ፍርዴ

እኔ “ሁለቱ” ይበልጣል ባይ ነኝ። ምክንያቴም ይህ ነው። የአክሽን ጌም መጀመሪያ የእጅ ነገር ነው፤ ታሪክ ብቻ የሚፈልግ ፊልም ማየት ይችላል። በእጅ ሥራ ሁለተኛው የጨመረው አብዛኛው እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ሲሸነፉበትም ያስተምራል። ነገር ግን የ“አንዱ” ደጋፊዎች የሚሉት ባዶ ትዝታ አይደለም። የተሟላ ታሪክና የሚያም ሐዘን ነበረው፤ ተከታዩ ያንን አልተካውም። ስለዚህ ሁለቱ ቀዳሚውን በልጦታል እንጂ አላስቀረውም። ፕሌይስቴሽን 2 ብቻ ያለበት ቤት፣ ለአንድ ጌም ብቻ የሚበቃ ብር ይዞ፣ ታሪክ ከነመጨረሻው ማየት የሚፈልግ ልጅ ቢጠይቀኝ ደግሞ አንዱን ስጠው እላለሁ። ይህ መዋዠቅ አይደለም፤ ማሽላውን የሚመርጠው የገበሬው ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ ከብት ያለው አገዳ ይፈልጋል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ሁለቱም ጎድ ኦፍ ዋሮች ደምና ዕርቃን ያለባቸው፣ ዲስካቸው ላይ ከ17 ዓመት በላይ ተብሎ የተጻፈባቸው ናቸው። “ካርቱን ነው” ብሎ የአሥር ዓመት ልጅ ማስቀመጥ ልክ አይደለም። የጌም ቤት ባለቤቶችም ይህንን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ለተከራካሪዎቹ ደግሞ፦ ነገ ስለ ሌላ ጌም ስትጨቃጨቁ፣ አዲስ ተከታይ ላይ ብራችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት፣ እነዚህን ጠይቁ። የተጨመረው እጄን አዲስ ነገር ያሠራዋል ወይስ ያንኑ ይደጋግመዋል? ስሞት አንድ ነገር እማራለሁ ወይስ ሰዓት ብቻ ይሄዳል? ቀዳሚው ላይ የወደድኩት ነገር አሁንም አለ? መጨረሻው እዚሁ ማሽን ላይ ያልቃል? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ እንደልባችሁ ተከራከሩ። ባለቤቱ መቆጣቱ ግን አይቀርም።